ከሞተር ጀልባው እስከ ደሴቱ ዳር፦ ለገዳማት የምትሆን ትንሽ ጀልባ አመራረጥ

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ አብነት አካባቢ ከሚገኝ አንድ ደብር የመጡ የኮሚቴ አባላት በቅርቡ ወደ ፕሮጀክት ክፍላችን መጥተው ነበር። የአጥቢያው ምእመናን በጣና ሐይቅ ላይ ለሚገኝ አንድ የደሴት ገዳም ጀልባ ለመግዛት ገንዘብ አዋጥተዋል። ሰብሳቢው በእጅ ስልካቸው የያዙትን ፎቶግራፍ አሳዩንና፣ «ዲያቆን፣ ይህች ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ናት። ትበቃለች ወይስ ከዚህ የምትበልጥ እንፈልግ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከቅን ልብ የወጣ ቢሆንም መጨረሻ ሊጠየቅ የሚገባውን ያስቀደመ ነበር። ገዳሙ ከባሕር ዳር ሰውና እህል የሚያመላልስበት የሞተር ጀልባ አለው። የጎደለው ከሞተር ጀልባው ተቀብላ ወደ ደሴቱ ዳር የምታደርስ ትንሽ ጀልባ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «አድራሽ ጀልባ» እያልን የምንጠራት ይህችኑ ነው። በየባሕሩ ረጅም መንገድ የሚጓዙ ጀልባዎች ከኋላቸው የሚጎትቷት ወይም በላያቸው የሚጭኗት እንዲህ ያለች ትንሽ ጀልባ አለቻቸው። ታላቁ ጀልባ ውኃው በሚበቃው ስፍራ መልህቁን ይጥላል፤ ትንሿ ደግሞ ሰውንና ዕቃን እያመላለሰች ከየብስ ታገናኛለች። ሥራዋ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ወደ ውኃ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በሐይቁ መካከል ሳይሆን በመሳፈሪያውና በመውረጃው ላይ ነው። ስለዚህ አድራሽ ጀልባን ስንመርጥ ከዋጋዋና ከሞተሯ አስቀድመን የምትቆምበትን ዳርቻና የሚሳፈሩባትን ሰዎች ልናውቅ ይገባል። ለአብነቱ ኮሚቴ የተናገርነውን፣ ተመሳሳይ አሳብ ላላቸው አጥቢያዎች እንዲጠቅም እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ከራሴ ስሕተት የተማርኩት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደሴት ለሚኖሩ አባቶች አድራሽ ጀልባ ስትገዛ የግዥውን መግለጫ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ርዝመቷን፣ ቀለሟንና የሞተሯን ጉልበት ጻፍኩ፤ ወርዷን ግን አልጻፍኩም። አቅራቢውም በተጻፈው መሠረት ዋጋዋ ዝቅ ያለውን አቀረበ፤ እኛም ፈርመን ተረከብን። ጀልባዋ ጠባብና ሆዷ ክብ፣ በውኃ ላይም ፈጥና የምትንሸራተት ነበረች። በመጀመሪያው ወር አንድ አረጋዊ ካህን ከታላቁ ጀልባ ሲወርዱ እግራቸውን በጠርዟ ላይ አሳረፉ፤ ወዲያው ተገለበጠች። ውኃው ከደረት የማያልፍ ስለ ነበረና ወጣት መነኮሳትም በአቅራቢያው ስለ ቆሙ ሕይወታቸው ተረፈ። ይዘውት የነበረው ልብሰ ተክህኖ ግን ከነከረጢቱ ውኃ ገባበት።

ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ሐይቁን አልፈራም፤ ተወልጄ ያደግሁበት ነው። ከጀልባ ወደ ጀልባ መሻገሩን ነው አሁን የፈራሁት» አሉኝ። ያ አንድ ርምጃ በእኔ መግለጫ ውስጥ አልነበረም። አቅራቢው የታዘዘውን አምጥቷል፤ ጉድለቱ የትእዛዙ ነበር።

የሐይቁ ጠባይ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ በነፋስ ጊዜ ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉም አጫጭርና ተደራራቢ ይሆናል። የሐይቁ ጀልበኞች ጧት መጓዝን የሚመርጡት ከቀትር በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ስለሚያውቁ ነው። ጧት የረጋ ውኃ ላይ የተሞከረች ጀልባ ተመላሾቹን የምታሳፍረው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጠባይ የውኃው ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ክረምቱ አልፎ በመስከረምና በጥቅምት ሐይቁ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዳርቻው በቀስታ በሚያዘቀዝቅበት ስፍራ ይህ ልዩነት ውኃውን በብዙ ሜትር ወደ ኋላ ያስቀረዋል። በጥቅምት ታላቁ ጀልባ ድንጋዩን ተደግፎ ያወረደውን ሰው፣ በግንቦት ከጭቃውና ከደንገሉ ማዶ ሊያወርደው ይገደዳል። ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ በ2017 ዓ.ም. ባሕር ዳር የደረሰችው ጣናነሽ ፪ን የመሳሰሉ ታላላቅ መርከቦች በሐይቁ ላይ ሲጨመሩ ጉዞው ይሻሻላል፤ ነገር ግን መርከብ በተለቀ መጠን የሚፈልገው ጥልቀትም ስለሚጨምር፣ ወደብ በሌለው ደሴት ከዳር ርቆ ይቆማል።

እነዚህ ነገሮች በጣና ብቻ የሚታዩ አይደሉም። የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም በሚገኝባት በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ለሚያገለግሉም ምክሩ ያው ነው።

በመጽሐፍም ምሳሌ አለን። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 27 ቅዱስ ጳውሎስን ወደ ሮም ትወስድ የነበረችው መርከብ 276 ሰዎች የተሳፈሩባት ታላቅ መርከብ ነበረች፤ ከኋላዋም ትንሽ ጀልባ ታስከትል ነበር። የአማርኛው መጽሐፍ ይህችን ትንሽ ጀልባ «ታንኳ» ይላታል። ነፋሱ ከበረታ በኋላ ወደ መርከቧ ሊያወጧት ሲሉ ብዙ ተቸግረዋል። አድራሽ ጀልባ የምትጎተት ከሆነ ነፋስ ሳይበረታ ወደ ላይ ማውጣት እንደሚገባ ጥንታውያን መርከበኞችም በመከራ ተምረውታል።

ለገዳሙ የሚቀርቡ ስድስት ጥያቄዎች

ኮሚቴው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለገዳሙ አበምኔትና ለጀልበኛው የሚከተሉትን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ።

አንደኛ፣ በግንቦት ወር ታላቁ ጀልባ የሚቆመው ከዳር ስንት ሜትር ርቆ ነው? የጥቅምቱ ርቀት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ መውረጃው ምን ዓይነት ነው? ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጭቃ ወይስ ደንገል የበቀለበት?

ሦስተኛ፣ የሚሳፈሩት እነማን ናቸው? አረጋውያንና ሕሙማን ስንት ናቸው? ሴቶች በማይገቡባቸው እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት ከምእመናኑ ከፊሉ በታላቁ ጀልባ ላይ ስለሚቀር ወይም በሌላ ስፍራ ስለሚወርድ፣ ጀልባዋ በአንድ ጉዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ልትመላለስ ትችላለች።

አራተኛ፣ ከሰው ሌላ ምን ትጭናለች? እህል፣ ጧፍ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ ወይስ ማገዶ?

አምስተኛ፣ ሌሊት የት ታድራለች? ማንስ ተሸክሞ ያወጣታል? ሁለት አረጋውያን የማያነሧት ጀልባ በዳር ታስራ ታድራለች፤ ማዕበልም ከድንጋይ ጋር ሲያጋጫት ያነጋል።

ስድስተኛ፣ ስትሰበር ማን ይጠግናታል? ለጥገናው የሚያስፈልገውስ ከየት ይገዛል?

እነዚህ ስድስት መልሶች ሲገኙ የጀልባዋ መልክ ከሞላ ጎደል ይታወቃል።

ልክና ጭነት

ጀልባ ስንት ሰው እንደምትይዝ ለመገመት የሚያገለግል ቀላል ስሌት አለ። በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ዘንድ ለትናንሽ ጀልባዎች የሚሠራበት ሲሆን፣ በሜትር ሲነገር እንዲህ ነው፦ ርዝመቷን በወርዷ አባዝቶ ለ1.4 ማካፈል፣ ከዚያም ትርፍራፊውን መጣል። ርዝመቷ 3 ሜትር፣ ወርዷ 1.4 ሜትር ከሆነ 4.2 ይሆናል፤ ለ1.4 ሲካፈል 3 ሰው ማለት ነው። ርዝመቷ 3.6፣ ወርዷ 1.6 ሜትር ከሆነ 5.76 ይሆናል፤ ሲካፈል ከ4 ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ 4 ሰው ትይዛለች። ቀዛፊው ከዚህ ቍጥር ውስጥ ይቈጠራል። ስሌቱ የሚሠራውም ውኃው ሲረጋ ነው፤ ነፋስ ባለበት አንድ ሰው መቀነስ ይገባል። አንድ ኩንታል እህል 100 ኪሎ ግራም ስለሆነ እንደ አንድ ሰው ተኩል ይታሰብ።

ምክንያቱን ማወቅ ለጀልበኛውም ለኮሚቴውም ይጠቅማል። ጀልባ የምትንሳፈፈው የራሷንና የጭነቷን ክብደት የሚያህል ውኃ ወደ ጎን ገፍታ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። በውኃው ገጽ ላይ 3 ካሬ ሜትር የምትሸፍን ጀልባ 300 ኪሎ ግራም ሲጫንባት 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ትወርዳለች። ባዶ ሳለች ጠርዟ ከውኃው በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ከነበረ አሁን የቀረው 30 ነው። በዚህ ላይ አንድ ሰው ወደ ጎን ቢያዘነብልና ማዕበል ቢመጣ የቀረው ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጭነት ይዛ ጠርዟ ከውኃው በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር እንመክራለን። በዚያ ልክ ላይ በውጪ በኩል በደማቅ ቀለም መስመር ይሰመር። መስመሩ በውኃ ከተሸፈነ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ጀልበኛውም ከምእመናን ጋር መከራከር ሳያስፈልገው መስመሩን ያሳያል። በንግሥ ዕለት ይህ መስመር ብዙ ይሠራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሁለቱን ጀልባዎች ለመስጠም ያቀረባቸው ከበረከት የተገኘው የዓሣ ብዛት ነበር፤ በረከትም ቢሆን ክብደት አለው።

ቅርጽ

የታችኛው አካል ቅርጽ በሦስት ይከፈላል። ክብ ሆድ ያላት ለመቅዘፍ ትቀላለች፤ ሰው ሲረግጣት ግን ትንከባለላለች። ወደ ታች የሾለች ማዕበልን ትሰነጥቃለች፤ ነገር ግን ተጨማሪ ጥልቀት ትፈልጋለች፤ ዳር ስትደርስም ወደ ጎን ትጋደማለች። ጠፍጣፋ ሆድ ያላት በማዕበል ላይ ትንገጫገጫለች፤ ሆኖም ሰው ሲሳፈርባት ትረጋለች፤ በጥቂት ውኃ ላይም ትንሳፈፋለች፤ ዳር ስትወጣም ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ጉዞው አጭር፣ ተሳፋሪው አረጋዊ፣ ዳርቻውም ጥልቀት የሌለው ከሆነ ጠፍጣፋዋ ወይም በጥቂቱ ብቻ የሾለችው ትመረጣለች። መንገጫገጡን ለሁለት መቶ ሜትር መታገሥ ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ወርድ ያስፈልጋል። ርዝመታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ጀልባዎች ሰፊዋን መግዛት ይገባል፤ ፍጥነት ቢቀንስባትም መርጋት ይጨመርባታል። ጠርዟ በእጅ ለመያዝ የሚመች፣ ዙሪያዋም በገመድ ወይም በጎማ የተከበበ ይሁን፤ ይህም ከታላቁ ጀልባ ጋር ስትጋጭ ሁለቱንም ይጠብቃል።

የተሠራችበት ነገር

ስለ ጀልባ ሲነገር የሐይቁን ታንኳ አለማንሣት አይገባም። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ፣ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በእጅ ሥራው የታወቀበት፣ ለጣና ዳርቻ የተስማማ ጀልባ ነው። የሚንሳፈፈው በውስጡ በተያዘ ባዶ ስፍራ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው፤ በመሆኑም ውኃ ቢገባበት እንኳ በአንድ ጊዜ አይሰጥምም። የኖርዌይ ተወላጁ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክ ውቅያኖስን ለመሻገር ያሠራት «ራ» የተባለችው ጀልባ ከጣና በተወሰደ ደንገል መሠራቷ ይታወቃል። ሆኖም ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከተጠቀሙበት በኋላ በየብስ ላይ ሊደርቅ ይገባል፤ ዕድሜውም በወራት የሚቈጠር ነው። ሕመምተኛን ለማድረስና ብዙ ዕቃ ለመጫንም አይመችም። ከታንኳ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ፦ ጥሩ አድራሽ ጀልባ ውኃ ቢሞላባትም የማትሰጥም ናት።

እንጨት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በአካባቢው አናጺዎችም ይጠገናል። ነገር ግን ይከብዳል፤ በየዓመቱ መቀባትና ስንጥቁን መድፈን ይሻል። ፀሐይ ላይ ውሎ የተሰነጠቀ እንጨት ውኃ ያስገባል።

ፋይበርግላስ ለስላሳና ለማጽዳት የሚመች ነው። የተሰበረው ክፍል ከደረቀ በኋላ በጨርቁና በማጣበቂያው ይጠገናል። በድንጋያማ ዳር ሲጎተት ግን ሆዱ እየተፋቀ ይሳሳል። ብቻውን ሲሆን ከውኃ ይከብዳል፤ በውስጡ የታሸገ ፎም ከሌለው ውኃ ሲሞላው ይሰጥማል።

አሉሚኒየም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ድንጋይ ቢያጎብጠው እንጂ ቶሎ አይሰነጥቀውም። እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውኃ ዝገት ብዙ አያሠጋውም። በፀሐይ ይግላል፤ ሲነካም ይጮኻል። ብየዳው ልዩ ጋዝና ልምድ ያለው ባለሙያ ስለሚፈልግ በየከተማው አይገኝም። እርሱም ያለ ፎም ይሰጥማል።

በአየር የምትነፋ ጀልባ ከሁሉም ይልቅ የረጋች ናት፤ ጠርዟን ቢረግጡትም አትገለበጥም። ሁለት ሰው ያነሣታል፤ ከታላቁ ጀልባ ጋር ስትነካካም አትጎዳውም። አየሩ በተለያዩ ክፍሎች ስለሚያዝ አንዱ ቢበሳ በሌላው ትንሳፈፋለች። ነገር ግን ሹል ድንጋይ፣ እሾህና ሚስማር ጠላቶቿ ናቸው። በከፍተኛ ስፍራ ያለው ጠንካራ ፀሐይ ደግሞ በተለይ ፒ.ቪ.ሲ. የተባለውን ርካሽ ዓይነት ቶሎ ያደርቀዋል፤ ሃይፓሎን የተባለው ይቆያል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ማጣበቂያውና መንፊያው በደሴቱ ላይ ከሌሉ አንዲት ቀዳዳ ለወራት ከሥራ ታወጣታለች። ዳርቻው አሸዋ፣ ማደሪያዋ ጥላ፣ ጠባቂዋም የታወቀ ከሆነ ትመረጣለች፤ ካልሆነ ግን ጠንካራ አካል ያላት ትሻላለች።

መቅዘፊያ ወይስ ሞተር

አሁን ወደ ሰብሳቢው ጥያቄ እንመለስ። ቀስ ብሎ የሚቀዝፍ ሰው በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል። ታላቁ ጀልባ ከዳር 200 ሜትር ርቆ ከቆመ መንገዱ ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። ለአራት ደቂቃ መንገድ ሞተር ማስነሣት፣ ነዳጅ ማጠራቀምና መለዋወጫ መፈለግ አያስፈልግም። ርቀቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ወይም ነፋሱ ዘወትር ከፊት ሲመጣ ብቻ ሞተር ይታሰብ። ያን ጊዜም ቢሆን መቅዘፊያው አይቀርም፤ ሞተር ሲጠፋ የምታደርሰው እርሱ ነው።

ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር እንደ ዓይነቱ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ክብደት በትንሽ ጀልባ የኋላ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ጀልበኛውም ከአጠገቡ ሲቀመጥ፣ የፊቷ ጫፍ ወደ ላይ ይነሣል፤ የኋላዋም ወደ ውኃው ይጠጋል። ሦስት ሜትር ተኩል ለምትሆን ጀልባ ከ3 እስከ 6 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። አምራቹ በጀልባዋ ላይ የለጠፈው የጉልበት ገደብ ካለ ከእርሱ ማለፍ አይገባም።

የከፍታውም ነገር ይታሰብ። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። በጣና ከፍታ ላይ የሚጎድለው 18 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ 5 ተብሎ የተገዛው በሥራ ላይ 4 ያህል ነው። ሻጩ ሞተሩን ለከፍታ እንዲያስተካክልና የሚስማማ ፕሮፔለር እንዲያቀርብ በውሉ ይጻፍ።

ሞተሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ቱ-ስትሮክ የሚባለው ቀላልና ለጥገና የሚመች ነው፤ ዘይቱ ግን ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ብዙውን ጊዜ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት። ቅልቅሉ ከተሳሳተ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ያልተቃጠለውም ዘይት ወደ ውኃው ይገባል። ፎር-ስትሮክ የሚባለው ይከብዳል፤ ዋጋውም ይጨምራል፤ ሆኖም ነዳጅ ይቆጥባል፤ ውኃውንም አያቆሽሽም። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡንና አባቶችም ከዚያው ውኃ እንደሚጠቀሙ ስናስብ ሁለተኛው ይመረጣል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ የታየው እምቦጭና የዓሣ አጥማጆች መረብ በፕሮፔለር ላይ እንደሚጠመጠሙም አይዘነጋ። በእንዲህ ያለ ስፍራ መቅዘፊያና ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ከሞተር ይልቅ ያገለግላሉ።

መጎተትና መሳፈር

አድራሽ ጀልባ ስትጎተት ሰው፣ ዕቃም ሆነ ሞተር በውስጧ አይተው። ገመዱ ከአንድ ይልቅ በሁለት ጠንካራ ቀለበቶች ላይ ይታሰር፤ ርዝመቱም ማዕበሉ ከታላቁ ጀልባ ጋር እንዳያጋጫት የሚበቃ ይሁን። ታላቁ ጀልባ ወደ ኋላ ሲሄድ ገመዱ በፕሮፔለሩ ላይ እንዳይጠመጠም አስቀድሞ ይሰብሰብ።

ተሳፋሪው በሚሻገርበት ጊዜ ትንሿ ጀልባ ከፊትና ከኋላ በሁለት ገመድ ከታላቁ ጎን ትታሰር። አንድ ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ ይሻገር፤ እግሩን በጠርዟ ላይ ሳይሆን በመካከሏ ያሳርፍ፤ ወዲያውም ይቀመጥ። ዕቃ በእጁ አይያዝ፤ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ዕቃው ይቀበል። ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት አፉ በሚታሸግ፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ይሁኑ። ታላቁ ጀልባ ጎኑ ከፍ ያለ ከሆነ ሦስት ደረጃ ያለው መሰላል ማሠራት ከማንኛውም ሞተር ይልቅ አረጋውያንን ይረዳል።

ከጀልባዋ ጋር የሚገዙ ነገሮች

ለጀልባ የተዋጣ ገንዘብ ሁሉ ለጀልባዋ አካል ብቻ መዋል የለበትም። ከአምስት እጅ አንዱ ለሚከተሉት ይቀመጥ እንላለን፦ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት፤ ሦስት መቅዘፊያ፣ ሁለቱ ለሥራ፣ አንዱ ለመተኪያ፤ በገመድ የታሰረ ውኃ ማውጫ ጣሳ፤ ትንሽ መልህቅ ከነገመዱ፤ ፉጨትና የእጅ ባትሪ፤ የመጠገኛ ዕቃ። ጃኬቱ በአየር የሚነፋ ሳይሆን በፎም የተሞላ፣ 100 ኒውተን የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል፤ አያያዙ ቀላል ነው፤ ቢቀደድም ይሠራል። በቀሚስና በካባ ላይ የሚለበስ ስለሆነ ሰፊ መጠን ይመረጥ። የሚለብሱትም ከመሳፈራቸው በፊት ነው፤ ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ውኃ ውስጥ አይለበስም።

ርክክብና ኃላፊነት

ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት ጀልባዋ በውኃ ላይ ትሞከር። ዋናተኞች በተገኙበት፣ በወገብ ልክ ውኃ ውስጥ፣ እስከ ጠርዟ ውኃ ይሞላባት። ከሰጠመች ፎሟ አይበቃም፤ ትመለስ። ቀጥሎ የተፈቀደላትን ያህል ሰው አሳፍራ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ጠጋ ይበሉ፤ ጠርዟ ወደ ውኃ ሲቀርብ ይታያል። በመጨረሻም በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ድጋፍ እየተደረገላቸው ይሳፈሩ፤ ይውረዱም። እርሳቸው «ትሆናለች» ካሉ የቀረውን ክፍያ መፈጸም ይቻላል።

በጀልባዋ ላይ ኃላፊ ይሾም፤ የምትወጣበትና የምትገባበት መዝገብም ይኑር። በዚያው በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ መርከበኞቹ መልህቅ የሚጥሉ መስለው ታንኳይቱን አውርደው ሊያመልጡ ሞክረው ነበር፤ ወታደሮቹም ገመዷን ቆርጠው ለቀቋት። የሁሉ የሆነች ጀልባ ለጥቂቶች ብቻ እንዳትሆን ሥርዓት ያስፈልጋታል። አጥቢያውም ጀልባዋን አስረክቦ አይለያት፤ ለሦስት ዓመት የቀለም፣ የገመድና የጥገና ወጪ በበጀቱ ይያዝ።

የአብነቱ ኮሚቴ ስድስቱን ጥያቄዎች ይዞ ከገዳሙ ጋር በስልክ ተነጋገረ። መልሱ እንዲህ ነበር፦ በግንቦት ታላቁ ጀልባ ከዳር 120 ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፤ ዳርቻው ድንጋያማ ነው፤ አዘውትረው የሚሳፈሩት አራት አረጋውያን አባቶች ናቸው፤ ነዳጅ በደሴቱ ላይ የሚያስቀምጡበት ቤት የላቸውም። በዚህም መሠረት ርዝመቷ 3.6፣ ወርዷ 1.6 ሜትር የሆነች፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ፎም የተሞላባት የአሉሚኒየም ጀልባ ከመቅዘፊያ ጋር እንድትሆን ተስማሙ። ስሌቱ አራት ሰው ስለሚል፣ ቀዛፊውን ጨምሮ አባቶች በሁለት ምልልስ ይሻገራሉ። ለሞተር ታስቦ የነበረው ገንዘብ ለጃኬቶቹ፣ ለመሰላሉና በድንጋዩ ዳር ለሚሠራ መውረጃ ደረጃ ተመደበ።

ሰብሳቢው ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ፣ «ታዲያ ለምእመናን ሞተር የሌላት ጀልባ ገዛን ብዬ እንዴት ልናገር?» አሉ። መውረጃውን አይተው የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችን ከኮሚቴው ጋር አቁመው፣ በደሴቱ ያለውን ዳርቻ በፎቶግራፍ እያሳዩ እንዲያስረዱ መከርናቸው። ሌሎች አጥቢያዎችም ገንዘብ ከማሰባሰባቸው አስቀድመው እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ቢቻልም በግንቦት ወር ሄደው ቢያዩ ይጠቅማቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር